ከቀኝ የመጣው መኪና

በጡረታ ሽኝቴ ቀን አለቃዬ ሙሉጌታ ማይክ ይዞ ተነሳና «የጋሽ ወንድሙን ጆሮ ምንም አያመልጠውም!» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ የተቆረሰውን ድፎ ዳቦ እያየሁ ፊቴ ጋለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ፌቨን፣ ለዓመታት አብራኝ የሠራችው ፕሮግራመር፣ አላጨበጨበችም። እጄን ከጠረጴዛው ሥር ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያ ምስጋና እንደማይገባኝ የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። ሌላው ወይ ረስቶታል፣ ወይ አዲስ ገብ ነው።

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው «እንግዲህ ይረፉ!» ይለኛል። ማረፍማ ምን ገዶኝ! ግን ሰው እጁ ሥራ ሲፈታ ሐሳቡ ሥራ ይጀምራል። ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ ስቀመጥ ጫልቱ ትመጣብኛለች። ስለዚህ ነገሩን ከነሥሩ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው። የሚወጣልኝ ግን አይመስለኝም።

ሥራ የጀመርኩት ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዥ በላይ በነበረች ሁለት ክፍል ስቱዲዮ ነው። ከታች ላሜራ ይቀጠቀጣል፣ ከላይ እኛ ዘፈን እንቀርጻለን። ዘፋኙ መንፈሱ መጥቶለት ሊዘፍን ሲል ታች መዶሻው ይጀምራል። ያኔ ሮጠን ወርደን «በናታችሁ አንድ አምስት ደቂቃ!» ብለን እንለምናለን። ባለጋራዡ ደግ ሰው ነበር፤ አምስቱን ደቂቃ ይሰጠናል፣ ስድስተኛዋን ግን አይጨምርም።

የስቱዲዮው ባለቤትና የእኔ አስተማሪ ጋሽ ታምራት ይባሉ ነበር። አጭር፣ ቁጡ፣ በሐሩርም ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው። ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ የተቀረጸውን ሲያዳምጡ መሐረባቸውን አውጥተው የድምፅ መለኪያዎቹን ይሸፍኑና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። «ዓይን ባለበት ጆሮ አይናገርም፤ ዓይን ቀድሞ ይዘባርቃል» ይሉ ነበር። እኔንም ገና እንደተቀጠርኩ ግድግዳ እያየሁ አስቀምጠው፣ ከኋላዬ እየተዘዋወሩ ያጨበጭቡና «የት ነኝ? በጣትህ አሳይ!» ይሉኛል። ከሳትኩ ጭንቅላቴን ኩርኩም። በሁለት ወር ውስጥ መሳት ተውኩ፤ ኩርኩም የማያስተምረው ነገር የለም።

ሁለተኛው ልማዳቸው ከዚህ ይብሳል። ሰው ሥራውን ሲሰማ «እንዴት ነው? ጥሩ ነው?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። «እንዲህ ብለህ ከጠየቅክ እዚህ አገር መልሱ አንድ ነው። ባይጥመውም፣ ቢያንገሸግሸውም፣ ‹በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ› ይልሃል። ይሉኝታ አለበታ! ደክመህለታል፣ ሻይ ጋብዘኸዋል፣ እንዴት አድርጎ ያስቀይምህ?» ይሉኛል። የእሳቸው ጥያቄ «ምኑ አስጠላህ?» ነበር። አንድ ጊዜ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ማስታወቂያውን ሰምቶ «ድንቅ ነው ጋሼ፣ ድንቅ ነው» እያለ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመው «ምኑ እንዳስጠላህ ሳትነግረኝ አትወጣም» አሉት። ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። ይኼም ያም ብሎ በመጨረሻ «ኧረ እንዲያው... ድምፁ የሴት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «አየህ!» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይህን ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ሊነግራት ነበር።»

እኔ ያኔ ሳቅኩ። ልማዱን እንደ ሽማግሌ ጠባይ አየሁት እንጂ እንደ ሙያ አልያዝኩትም። የመጀመሪያውን ወሰድኩ፣ ሁለተኛውን ተውኩ፤ ኋላ ላይ ደግሞ የመጀመሪያውንም ጣልኩት።

ጋሽ ታምራት አረፉ፤ ዘመኑም ተቀየረ። ቦሌ መንገድ ግራና ቀኙ በስካፎልዲንግ ተሸፈነ፤ በየቀኑ አንድ ፎቅ የሚጨመር ነበር የሚመስለው። ከምንቀርጸው ማስታወቂያ ከሦስቱ ሁለቱ የአፓርታማ ሽያጭ ሆነ። በመጨረሻ የእኛዋም ስቱዲዮ ከነጋራዡ ፈርሳ ቦታው ሕንፃ ወጣበት። መዶሻው ለሁልጊዜ ዝም ሲል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው አትላስ አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሙሉጌታ ጋ የተቀጠርኩት። ሙሉጌታ ኮምፒውተር ተምሮ የመጣ፣ አፉ የማር ጠብታ የሆነ ወጣት ነው። ደመወዙ ከስቱዲዮው ይሻላል፤ ሊፍቱ ግን በሳምንት ሦስት ቀን አይሠራም። ሥራችን ማስተማሪያ ፕሮግራም መሥራት ነበር፤ እኔ ድምፁን፣ ፌቨን ኮዱን።

አንድ ቀን ሙሉጌታ ከአንድ የውጭ ድርጅት ሥራ ይዞ መጣ። ዓይነ ስውራን መንገድ መሻገር የሚለማመዱበት ፕሮግራም። ሰውየው ሄድፎን አድርጎ ይቀመጣል፤ መኪናው ከግራ ወይም ከቀኝ ሲመጣ በጆሮው ይለያል፤ ከግራ ከሆነ የግራውን ቁልፍ፣ ከቀኝ ከሆነ የቀኙን ይጫናል። ትክክል ከሆነ ማሽኑ «ጎሽ» ይላል፣ ከተሳሳተ «ስህተት»። ፌቨን ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ነው የምትጽፈው። ድምፅና ምስል የሚያጫውት አንድ የተዘጋጀ ኮድ፣ እነሱ ላይብረሪ የሚሉት፣ አለ። «መኪናው እዚህ ጋ ነው፣ ሰሚው እዚህ ጋ ቆሟል» ብለህ ቦታውን በቁጥር ከነገርከው፣ ድምፁን ራሱ ወደዚያ አቅጣጫ ያዞረዋል። ወይ ጉድ፣ አልኩ። እኛ ይህን ለመሥራት ሁለት ቀን እንፈጅ ነበር።

እኔም ኩራቴ ተነሳ። ሁለት ጥሩ ማይክ ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ ለሳምንት ቀረጽኩ። ሚኒባሱ፣ ሲኖትራኩ፣ ባጃጁ፤ ከግራ ብቅ ብሎ በፊት ለፊት አልፎ ቀኝ ላይ ሲሰወር ጠጉር ያቆማል። ሁሉም ከግራ የሚመጡ ነበሩ፤ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ቅርብ ያለው ረድፍ ከግራው ነዋ የሚመጣው። የወዲያኛው ረድፍ፣ ከቀኝ የሚመጣው፣ ሩቅ ስለሆነ ጥራት አልነበረውም። ከቀኝ የሚመጣውን ላይብረሪው ይሠራዋል ብዬ ተውኩት።

ፌቨን ፋይሎቹን ስትቀበለኝ «ጋሼ፣ ከበዱ እኮ፤ ሞኖ ብናደርጋቸውስ?» አለችኝ። ለማያውቅ ሰው፣ ሞኖ ማለት ድምፁ በአንድ መስመር የተቀረጸ ማለት ነው፤ ስቴሪዮ ግራና ቀኙ የተለያየ፣ ሁለት መስመር።

«ምን? ሞኖ?» አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜዬ አስፋልት ላይ አቧራ የበላሁት ሞኖ ለማድረግ ነው? ይህን ሥራ ሞኖ ማድረግ ማለት ዶሮ ወጥ ሠርቶ ውኃ መጨመር ነው!»

ሳቀችና ተወችው። ተናደድኩባት እንጂ ያለችውን አላሰብኩበትም። ያቺ ሳቅ ዛሬም ታመኛለች።

ከዚያ ሰልጣኞች መጡ። አራት ነበሩ፤ አንዷ ጫልቱ። ከጎሮ ነው የምትመጣው። ወላጆቿ ድሮ እዚያው ገበሬ የነበሩ ናቸው፤ እሷ ስታድግ የጤፍ ማሳ የነበረው አሁን አራት ረድፍ አስፋልት ሆኗል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አታይም። ግን ጆሮዋ! የመጀመሪያ ቀን ደረጃውን ስትወጣ «ጋሼ፣ ግራ እግርዎን ያምዎታል እንዴ?» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ብላት «አረጋገጥዎ» አለች። ጋሽ ታምራት ቢኖሩ ያለ ኩርኩም ይቀጥሯት ነበር።

ጫልቱ አንድ ሆቴል ስልክ ተቀባይ እንድትሆን ቃል ተገብቶላታል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ያለ ሰው፣ በራሷ መመላለስ አለባት። እስከዚያ ቀን ድረስ የትም ስትሄድ ታላቅ ወንድሟ ለሚ ነው እጇን ይዞ የሚያደርሳት። ታክሲ መያዙም መውረዱም ችግር አልነበረም፤ ረዳቶቹ ያግዟታል። የሚያስፈራው ቤቷ ፊት ለፊት ያለው አዲሱ መንገድ ነው። «እሱን ብቻዬን ከተሻገርኩ ሰው ሆንኩ ማለት ነው» አለችኝ አንድ ቀን። እየሳቀች ነበር፤ ድምፅዋ ግን አይስቅም።

ስልጠናው ተጀመረ። መንገዱ ሁለት ክፍል አለው። እስከ መሃል ድረስ መኪና ከግራ ይመጣል፤ መሃሉን ካለፉ በኋላ ከቀኝ። የመጀመሪያውን ክፍል ጫልቱ አንድም አልሳተችም። ሁለተኛው ላይ ሁሉንም ሳተች። ማሽኑ «ስህተት፣ ስህተት» ይላታል። ሄድፎኑን አወለቀችና ቀስ ብላ

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... የወዲያኛውም ከግራ ነው የሚመጣብኝ» አለች።

እኔ ስክሪኑን እያየሁ ነበር። ስክሪኑ ላይ መኪናውን የምታመለክት ቀይ ነጥብ አለች፤ ለእኛ ለምናየው ተብሎ የተደረገች። ነጥቧ ከቀኝ መጣች። እኔም በትርፍ ሄድፎን እየሰማሁ ነበርና ከቀኝ ሰማሁ። እምላለሁ፣ ሰማሁ! ዓይኔ እንደዘባረቀ አላወቅኩም። ያ ሁሉ ዓመት ግድግዳ እያየሁ የተማርኩትን በአንዲት ቀይ ነጥብ ሸጥኩት።

«አይ ጫልቱ፣» አልኳት፣ «ከቀኝ ነው የሚመጣው። ሄድፎን ስላለመድሽ ነው። ጆሮሽን ከማሽኑ ጋር አስተካክዪ፤ እሱ አይሳሳትም።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

አስተካከለች። የምትሰማውን ትታ ማሽኑ የሚፈልገውን ተማረች። ከመሃል ወዲያ በግራ ጆሮዋ ከሰማች ቀኝ ትጫናለች፤ ማሽኑም «ጎሽ» ይላል። በሦስት ሳምንት ከመቶ ዘጠና ምናምን ማምጣት ጀመረች። ሙሉጌታ ውጤቱን ይዞ ለድርጅቱ ሪፖርት ጻፈ። የሌሎቹ ሦስት ሰልጣኞች ውጤትም እንዲሁ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሻይና ኬክ አቅርበን «እንዴት ነው? ጥሩ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። እኔ ነኝ የጠየቅኩት፣ በገዛ አፌ። አራቱም «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ። ጫልቱ ደግሞ ተነስታ እጄን ሳመች።

የሆነው በሳምንቱ፣ ጠዋት፣ ወደ አዲሱ ሥራዋ ስትሄድ ነው። ለሚ ደጅ ቆሞ እያያት ነበር፤ ብቻዬን ልሂድ ስላለችው አልተከተላትም። ነጭ በትሯን ይዛ የመጀመሪያውን ግማሽ ደህና አለፈች። መሃል ላይ ቆመች። ሚኒባስ ከቀኝ እየመጣ ነው። ለሚ ኋላ እንደነገረኝ አንገቷን ወደ ቀኝ አዞረች፤ ሰምታዋለች። ከዚያ ጭንቅላቷን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ግራ መለሰችውና እግሯን አነሳች። ከቀኝ የሰማችውን ‹ከግራ ነው› ብላ ገልብጣዋለች፤ ከግራ የሚመጣ መኪና ደግሞ ባለፈችው ግማሽ ነው የሚሄደው፣ አይነካትም። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፣ ግን አልቆመለትም። ዳሌዋ ተሰበረ፤ ነፍሷ ተረፈ።

ስልኩ ሲደወል ቢሮ ነበርኩ። ሙሉጌታ «አደጋ ነው፣ በየቀኑ ይደርሳል፣ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» አለ። እኔ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝ። «የወዲያኛውም ከግራ ነው» ያለችው ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ፌቨንን «ስክሪኑን አጥፊው» አልኳት።

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣ ሄድፎን አደረግኩ፣ «አጫውቺ» አልኩ። በጣቴ አሳየሁ። ግራ። ሌላ አጫወተች። ግራ። ሃያ ጊዜ አጫወተች፣ ሃያውንም ግራ። ዞሬ ሳያት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። «ጋሼ፣ አሥሩ ከቀኝ ነበሩ» አለች።

ሄድፎኑ ተገልብጦ ይሆናል ብለን ገለበጥነው፤ ግራው ቀኝ ሆነ እንጂ አሁንም ሁሉም ከአንድ ወገን ነው። የሰሚው ፊት በኮዱ ውስጥ ወደ ኋላ ዞሮ ይሆናል አለች፤ ቁጥሩን ቀየረችው፣ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ ገና ድሮ ሥራውን ስትጀምር ለሙከራ የተጠቀመችባትን አንዲት «ጢጥ» የምትል ድምፅ አስገባች። ጢጧን ቀኝ አስቀመጠቻት፤ ከቀኝ መጣች፣ ጥርት ብላ። ግራ አስቀመጠቻት፤ ከግራ። የእኔን ሚኒባስ እዚያው ቦታ ላይ አደረገችው፤ በተቀረጸበት መንገድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እብስ።

ኮዱ አንድ ነው፣ ቦታው አንድ ነው። የተለየው ፋይሉ ብቻ ነው። ጢጧ ሞኖ ናት፤ የእኔው ስቴሪዮ ነው።

የላይብረሪውን መመሪያ ከፍታ ፈለገች። አንዲት መስመር ናት፤ በቦታ የሚቀመጠው ባለ አንድ መስመር ድምፅ ብቻ ነው ትላለች። ሁለት መስመር ያለውን ከሰጠኸው አይቃወምህም፣ ስህተት ነው አይልህም፤ እንዳለ ያጫውትልሃል። እሱም እንደ ሰው ይሉኝታ የያዘው ይመስል ዝም።

ሚኒባሱን ወደ ሞኖ ቀየርኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከቀኝ መጣ፣ ግን ገና ብቅ ሲል ጠፋ፤ ፌቨን ርቀቱን በሜትር ሳይሆን ስክሪኑ በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ስለቆጠረችው ላይብረሪው መኪናውን እጅግ ሩቅ አድርጎታል። ድምፁ መድከም የሚጀምርበትን ርቀት ጨመረችለት። ተስተካከለ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ያ ሁሉ ጣጣ የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር! ፌቨን ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «እኔ ስሞክረው በአንድ ጆሮ ብቻ ነበር የምሰማው፣ በሌላው ስልክ አወራለሁ» አለችኝ። እኔ ግን ምን አልኳት? «ሞኖ እናድርገው ብለሽኝ ነበር።»

ሌሎቹን ሦስቱን በዚያው ቀን ደውዬ አስጠነቀቅኳቸው። «አይ ጋሼ፣ እኛም ትንሽ ግራ ገብቶን ነበር፣ ግን ስለደከማችሁ...» አለኝ አንዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሙሉጌታ ለድርጅቱ ሁለተኛ ሪፖርት ጻፈ፤ «ተሻሽሎ የቀረበ» የሚል። ስለ ጫልቱ አንድ መስመር አልነበረበትም። እኔም ፈረምኩ። ይህንንም መሰወር አልፈልግም፤ ፈረምኩ።

ከስድስት ወር በኋላ ነው ላፕቶፕ ተሸክሜ ጎሮ የሄድኩት። ሆቴሉ ሌላ ሰው ቀጥሯል። ጫልቱ በር ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ «ጋሽ ወንድሙ» አለች ሳልናገር። ለሚ ሰላም አለኝ፣ አልጨበጠኝም። አልፈረድኩበትም።

የተስተካከለውን ፕሮግራም ከፍቼ ሄድፎኑን አደረግኩላት። ያለ ስክሪን፣ እኔም ፊቴን አዙሬ። አንዱንም አልሳተችም። እኔ ሞኝ ደስ አለኝ፣ ልቤ ተነሳ። «ጫልቱ፣ የሆቴሉን ሰዎች ላናግራቸው። መንገዱንም እኔ እያጀብኩሽ...» ማለት ጀመርኩ። ሄድፎኑን አውልቃ መለሰችልኝ። በስልጠናው ጊዜ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

«ምኑ ነው ያስጠላሽ? አትፍሪኝ። እስክትነግሪኝ አልሄድም።»

መንገዱ ከፊታችን ይጮኻል።

«ማሽኑ ድኗል ጋሼ» አለች። «ያልዳነው የእኔ ጆሮ ነው። ድሮ ከቀኝ ከሰማሁ ከቀኝ ነው፣ አለቀ። አሁን ከቀኝ ስሰማ ‹እውነት ከቀኝ ነው?› እላለሁ። እሱን እስክል መኪናው ይደርሳል። ጊቢው ውስጥ እናቴ ስትጠራኝ እንኳ እጠራጠራለሁ። እርስዎ አስተካክዪው ሲሉኝ አስተካከልኩት፤ እንዴት እንደምመልሰው ግን አላሳዩኝም።»

ያንን የሚመልስ ኮድ የለም፤ የሚመልስ ሙያም አላውቅም። ጉልበቷን ይዤ «ይቅር በዪኝ» አልኳት፣ በዚህ ሽበቴ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው! ይቅር ብያለሁ፣ እግዜርም ይቅር ይበልዎት» አለች ወዲያው፣ ሳትዘገይ፣ እጇን ዘርግታ ከመሬት እያነሳችኝ። ከዚያ ለሚን ጠርታ እስከ ታክሲው እንዲሸኘኝ አዘዘችው።

ከልቧ ይሁን ወይ ይሉኝታ ይዟት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ተመልሼ እንዳልጠይቃት ደግሞ እውነቱን ትነግረኛለች ብዬ ፈራሁ።